የንጉሥ አፍ

ጆሮ ያለው ይቅረብ። ጥርስ ያለው ይሳቅ። ጥርስ የሌለውም በድዱ ይሳቅ፤ ተረት ለሁሉም ይዳረሳል።

በድሮ ጊዜ፣ ንጉሥ መጋረጃ ተጋርዶለት በሚበላበት ዘመን፣ ይመኙሻል የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ እንዳላማው ይባላል። ወሬው የደረሳት ቀን ደጅ ተቀምጣ የበሶ ዱቄት ትነፋ ነበር። ጨው ወደ ከተማ የሚያሻግር አያ ድንቁ የሚባል ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ መጣ። እንደ ወትሮው "ቤቶች!" ብሎ አልተጣራም። አጥሩ ጥግ ቆመ።

"አያ ድንቁ፣ ምነው? ጥርስዎን አመመዎት?" አለችው።

"ጥርሴስ ደህና ነው።"

"ታዲያ ማን ነው አፍዎን የለጎመው?"

"እቴ ይመኙሻል፣ ባልሽ ታሰረ" አላት።

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ።

"ምን አድርጎ?"

"ተናግሮ።"

"እንዳላማው? እሱ እኮ የሰው አፍ ሲያይ ይውላል እንጂ የራሱን አይከፍትም!"

"አንድ ቀን ከፈተው፤ በችሎት መካከል ከፈተው። 'የንጉሥ አፍ ተበላሽቷል' ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አፈ ንጉሡ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ቆመዋል። ምን ልንገርሽ፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። በእሸት በዓል ዕለት ምላሱ ይቆረጥ ተብሎ ተፈረደበት።"

አፈ ንጉሥ ማለት የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ንጉሡ ያስባል፣ አፈ ንጉሡ ይናገራል። ንጉሡ ይፈርዳል፣ አፈ ንጉሡ ፍርዱን ያሰማል። የዚያን ጊዜው አፈ ንጉሥ ግን ከከሳሽ ማር፣ ከተከሳሽ ሙክት የሚበላ ሰው ነበር። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። አገሩ ሁሉ ዝም ይላል። ንጉሡ ብቻ አያውቅም።

ይመኙሻል የወደቀውን ወንፊት አነሣች። አራገፈችው። "እንዳላማው ስለ ዳኛ አይናገርም" አለች። "እሱ የሚያውቀው አፍ ይኼ ነው" ብላ በጣቷ የራሷን ከንፈር ነካች።

እውነቷን ነበር። እንዳላማው የጥርስ አዋቂ ነበር። ትል የበላው ጥርስ ያለበት፣ ድዱ የሚደማ፣ ምላሱ የተላላጠ፣ ጉንጩን በውስጥ ነክሶ ያቆሰለ፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል። እሱ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ሌሎቹ ገና "አመመኝ" ሲሏቸው ጉጠት ያነሣሉ። እንዳላማው ግን መጀመሪያ እጁን በሎሚ ይታጠባል። ቀጥሎ ጣቶቹን እሳት ዳር ያሞቃል፤ "የታመመ አፍ በቀዝቃዛ ጣት አይነካም" ይላል። ከዚያም በሽተኛውን ቁጭ አድርጎ አንዲት ጉርሻ ያበላዋል። ሲያኝክ ያየዋል። በየትኛው ጎን እንደሚያኝክ፣ የትኛውን ጎን እንደሚሸሽ ያያል። ስንቱን ሊነቀል የመጣ ጥርስ ሳይነቅል መልሶታል! ስንቱን ሕፃን እያሳቀ የወለቀች የወተት ጥርሱን ጣራ ላይ አስወርውሮታል!

ይመኙሻልም ከጎኑ አትለይም። ጥርሱ ለተነቀለ፣ ድዱ ለቆሰለ፣ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ በሶ አልማ የምትፈጨው እሷ ናት። ሦስት ጊዜ ትፈጫለች፣ ሦስት ጊዜ ትነፋለች። የይመኙሻል በሶ ምላስ ላይ ሲደርስ እንደ ቅቤ ይቀልጣል ይባል ነበር።

ታዲያ እንዳላማው ከቤቱ የወጣው ነጋሪት ተጎስሞ ሐኪም ይምጣ ተብሎ ነው። የንጉሡ ግራ ጉንጭ አብጧል። ንጉሡ አይበላም። ንጉሡ አይናገርም። ንጉሡ እንቅልፍ አጥቷል። ግን በዚያ አገር የንጉሥን አፍ ውስጡን ማየት ነውር ነው። ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል። ሲያዛጋ አጋፋሪው ሮጦ በነጠላ ይከልለዋል። እንግዲህ ሐኪሙ ሁሉ ከውጭ ነው የሚያክመው።

አንደኛው መጣ፤ ክታብ ጻፈ። ክታቡ አንገት ላይ ዋለ፣ ሕመሙ ጉንጭ ላይ አደረ።

ሁለተኛው መጣ፤ ብረት አግሎ ጉንጩን ተኮሰ። ንጉሡ በአንድ ቁስል ፈንታ ሁለት ቁስል አገኘ፤ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ።

ሦስተኛው እንዳላማው ነበር። እሱም ይኸው ታሰረ።

ይመኙሻል በሶዋን በአቁማዳ ሞላች፣ ማርና ቅቤ ያዘች፣ ወደ ከተማ ወረደች። እስረኛ ዘመድ ካላበላው ጾሙን በሚያድርበት ጊዜ ነውና መጀመሪያ የሄደችው ወደ ወህኒ ቤት ነው።

"ምን ይዘሻል?" አላት ዘበኛው።

"በሶ።"

"ለዚያ ለጥርስ ነቃዩ? ኧረ ተይው! ምላሱ ሊቆረጥ ነው፤ በሶ ምን ይሠራለታል?"

"ምላስ ቢቆረጥ ሆድ አይቆረጥ። ዞር በልልኝ ወንድሜ" አለችና አለፈች።

እንዳላማው እግር ብረት ገብቶበት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያያት ፈገግ አለ። ከሳ ብሏል። እጆቹ ግን ንጹሕ ነበሩ፤ ለመጠጫ ከሚሰጡት ውኃ ቀንሶ ይታጠባቸው ነበር።

"ምን ብለህ ነው?" አለችው።

"ያየሁትን ነው ያልኩ።"

"ምን አየህ?"

"ንጉሡ ውኃ ሲጠጣ አየሁት። አንገቱን ወደ ቀኝ ይጥላል። ምራቁን ሲውጥ ግራ ጉንጩን በእጁ ይጎትታል። ጥርሱ ተሰብሯል፣ ይመኙ። ስለት አውጥቷል። በተናገረ ቁጥር፣ ባኘከ ቁጥር የውስጥ ጉንጩን ይቆርጠዋል። ጉንጩ ሊድን ይነሣል፣ ጥርሱ መልሶ ይጥለዋል። እነሱ ደግሞ ጉንጩን ይተኩሳሉ። ጉንጭ ምን አደረገ? ጉንጭ ተበዳይ ነው። በዳዩን ለቀው ተበዳዩን ይቀጣሉ።"

"ታዲያ 'ጥርስዎ ተሰብሯል' አትልም ኖሯል?"

እንዳላማው ጭንቅላቱን አከከ። "አጋፋሪው በር ላይ ያዘኝ። 'ስማ ባላገር፣ ጥርስ የጅብ ነው። በንጉሥ ፊት ጥርስ አይባልም፤ አፍ በል' አለኝ። እኔም አከበርኩ ብዬ፣ 'ጃንሆይ፣ የንጉሥ አፍ ከውስጥ ተበላሽቷል። ስለቱ ካልተሞረደ ሰላም አይገኝም' አልኩ።"

ይመኙሻል ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት።

"ከንጉሡ ጎን የቆመው ሰውዬ ማን መሆኑን አላወቅክም?"

"እኔ ጉንጭ ጉንጩን ነው የማየው" አላት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት ሰውዬው እዚህ መጥቶ ነበር። 'ይህን ቃል ያስተማረኝ ፊታውራሪ ነው ብለህ መስክር፣ ምላስህን እተውልሃለሁ' አለኝ። ፊታውራሪው ጠላቱ ነው መሰለኝ።"

"ምን አልከው?"

"'ሰውን ባልዋለበት አላውለውም' አልኩት። ምላሴን የምፈልጋት እውነት እንድትናገርልኝ ነው። ለሐሰት ካዋልኳትማ ትቆረጥ።"

ይመኙሻል ባሏን አየችው። ስትኖር ስትኖር የምታውቀው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ አዲስ አየችው። አገር ሁሉ ያልደፈረውን ቃል ይህ ዝምተኛ ሰው በእግር ብረት ታስሮ ይናገረዋል። በሶውን በእጇ አጎረሰችው። "ምላስህንስ አላስቆርጣትም" አለችው።

መጀመሪያ ወደ አፈ ንጉሡ ሄደች። ደጁ ላይ ቆማ "አቤት!" አለች። አስገቧት።

"ጌታዬ፣ ባሌ የተናገረው ስለ ጥርስ ነው፤ ስለ እርስዎ አይደለም።"

"ንጉሡ ፈርደዋል" አለ አፈ ንጉሡ።

"ንጉሡማ አፋቸውን ታመው መች ተናገሩ? የተናገሩት እርስዎ ነዎት።"

"ያው ነው።" ከዚያም እጇን አየ፣ ትከሻዋን አየ፣ ከኋላዋም አየ። "ደግሞስ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው? ሙክት የለሽም?"

"ያለኝ በሶ ነው።"

"በሶ! ውጪ ከዚህ!"

ወጣች።

ቀጥላ ወደ ንጉሡ ንስሐ አባት ሄደች። አባ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳይዋን ሰሟት፣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ልጄ፣ እኔ የንጉሡን ኃጢአት ሁሉ አውቃለሁ። ጥርሳቸውን ግን አላውቅም። አይቼውም አላውቅ።"

"አንድ ቃል ብቻ ይንገሩልኝ፣ አባቴ።"

"ብናገርስ? የምናገረው በአፈ ንጉሡ በኩል ነው። እሱ ደግሞ ቃሌን በመንገድ ይበላዋል።" አባ እጃቸውን አነሡ። "ወደ ንጉሥ አፍ የምትገባ እጅ በዚህ አገር አንዲት ናት። የምታጎርስ እጅ። እሷም በእሸት በዓል ዕለት ብቻ። ከዚህ ሌላ አላውቅም። ከዚህ ሌላም አትጠይቂኝ።"

ይመኙሻል ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ነገሩ ገብቷታል።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ወግ ነበር። አዲስ ገብስ በደረሰ ጊዜ ንጉሡ ሳይቀምሰው ሕዝቡ አይበላውም። የሚያቀምሰውም ወጥ ቤት አይደለም፣ ባለሟል አይደለም፤ አንዲት ባላገር ሴት ናት። ከአገሩ ሁሉ በሶዋ የላመላት ሴት ትመረጥና በእጇ ታጎርሰዋለች። በዚያ ቀን መጋረጃው ይገለጣል፣ ሕዝቡ ንጉሡ የአገሩን እህል ሲቀምስ ያያል። ንጉሡ አፉን ሲከፍት ብቻ ሁሉም ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። ጉርሻውንም ንጉሡ እንቢ ማለት አይችልም። እንቢ ካለ አገሩ ይራባል ይባላልና።

በዓሉ ደረሰ። የእንዳላማው ምላስ የሚቆረጥበት ቀንም እሱ ነው። ይመኙሻል አዲስ ገብስ ገዝታ ቆላችው። አንዴ ፈጨች፣ አንዴ ነፋች። ሁለቴ ፈጨች፣ ሁለቴ ነፋች። ሦስቴ ፈጨች፣ ሦስቴ ነፋች። በማርና በቅቤ ለወሰችው።

ሴቶቹ በወጥ ቤቱ ደጅ ተሰለፉ። የሚመርጡት የወጥ ቤቱ አዛዥ እመት ጌጤ ናቸው። እመት ጌጤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጥርስ ነው የቀራቸው።

የአንደኛዋን ቀመሱ። "ይኼ በሶ ነው ወይስ አሸዋ?" አሉ።

የሁለተኛዋን ቀመሱ። "አንቺ፣ ቁርጥምጥም ይላል! ንጉሡን ልትገድዪ ነው?"

የይመኙሻልን ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ጨመሩ። ሌላም ጨመሩ።

"እመት፣ ለንጉሡም ይትረፍ እንጂ!" አሉ ከኋላ ያሉት ሴቶች።

"ዝም በሉ፣ ድዴ ነው የሚፈርደው" አሉ እመት ጌጤ። "ግቢ ልጄ።"

እልፍኙ ሞልቷል። ንጉሡ ዙፋን ላይ ነው፤ ጉንጩ እንደ ሎሚ አብጧል። አፈ ንጉሡ ከጎኑ ቆሟል፤ በዓሉን የሚያውጀው እሱ፣ "ንጉሡ እንዲህ ይላሉ" የሚለው እሱ ነው። ይመኙሻል እጇን በሎሚ ታጠበች። ጣቶቿን ፍም ላይ አሞቀች። ባለሟሎቹ ተያዩ፤ እንዲህ ስታደርግ ያዩት የለም።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች። ትንሽ ነበር።

"ምነው አሳነሰችው? ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ አይደለም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ንጉሥ ናቸው እኮ፣ ጫጩት አይደሉም!" አለ ሌላው።

እሷ አልሰማቻቸውም። ንጉሡ አፉን ከፈተ፤ ሕዝቡ ዓይኑን ሰበረ። በቀኝ በኩል አጎረሰችው። ንጉሡ ዋጠ። በሶው አላመመውም። እህል ሳያመው ሲወርድ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! ዓይኑ እርጥብ አለ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ጃንሆይ" አለች ይመኙሻል። ሁለተኛውን ጠቀለለች።

ይህን በግራ በኩል አጎረሰችው። ጣቷን ቶሎ አላወጣችም። በጉንጩ ውስጥ ቀስ ብላ ዳሰሰች። ቁስሉን አገኘች። ከቁስሉ ትይዩ አንድ ጥርስ አገኘች፤ እኩሌታው የለም፣ ጫፉ እንደ ምላጭ ነው። ንጉሡ ሲደነግጥ አፉ ገጠመ፣ ጥርሱ ጣቷን ቆረጠው። እጇን አወጣች። ደም ታየ።

ባለሟሎቹ ጣቷን አዩ።

"ጃንሆይ፣ ተነከስኩ" አለች።

አፈ ንጉሡ ሊናገር አፉን ከፈተ። ንጉሡ ግን በእጁ ከለከለው። አፍሮ ነበር። እየተጨነቀ፣ በራሱ አፍ ጠየቃት። "ማን... ማን ነከሰሽ?"

"ጃንሆይን የሚነክሰው ነው እኔንም የነከሰኝ" አለች ይመኙሻል። "እሱ በቤትዎ ይኖራል። ከማዕድዎ ይበላል። ሲስቁ አብሮ ይስቃል። አንዲት ቃል ከጃንሆይ ስትወጣ በእሱ በኩል ነው የምታልፍ። ከውጭ ያየው ጌጥ ይለዋል። በውስጥ ግን ተሰብሯል። ውስጥ ውስጡን ጃንሆይን ይበላል።"

ንጉሡ ሊገባው ጀመረ። እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ። ነገር ግን "ጥርስ" የሚል ቃል ከማንም አፍ ሳይወጣ አፈ ንጉሡ በጉልበቱ ተደፋ።

"ሐሰት ነው፣ ጃንሆይ! ሐሰት ነው! የከሳሹን ማር ብቻ ነው የበላሁ! የተከሳሹን ሙክት ልመልስ ነበር! የባልቴቲቱንም መሬት ልመልስ አስቤ ነበር!"

ንጉሡ አፈ ንጉሡን አየ። ይመኙሻልን አየ።

"ስለ እሱ ነው እንዴ የምትነግሪኝ?"

"ኧረ ጃንሆይ፣ እኔ የምነግርዎ ስለ ጥርስዎ ነው" አለች። "እሳቸው ግን ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት አሉ።"

በስተኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ከዚያ እልፍኙ ሁሉ ሳቀ። ንጉሡም ሳቀ፤ ሲስቅ ጉንጩን አመመውና "እህ!" ብሎ በእጁ ያዘው።

"ሦስተኛውን ጉርሻ አምጪ" አላት። "በሶሽ አላመመኝም።"

ይመኙሻል እጇን አጣጥፋ ቆመች።

"ሦስተኛውን የምታጎርስዎ እጅ ከእኔ ጋር የለችም፤ በወህኒ ቤት ናት። ባሌም የተናገረው ይህንኑ ነበር። 'ጥርስ አትበል፣ አፍ በል' ቢሉት 'የንጉሥ አፍ ከውስጥ ተበላሽቷል' አለ። ስለ ሰው አልተናገረም። ዛሬ ምላሱ ሊቆረጥ ነው።"

ንጉሡ ወደ ጎኑ ዞረ፤ ቃሉን የሚያሰማለትን ሰው ፈለገ። ሰውዬው መሬት ላይ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ጉንጩን ይዞ፣ እያመመው፣ ራሱ ጮኸ።

"ፍቱት!"

እንዳላማው መጣ። እግር ብረቱ የላጠው ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። እጅ ነሣ። እጁን ታጠበ። ጣቱን አሞቀ። ሚስቱን ቀና ብሎ አየ፣ ጣቷ ላይ ያለውን ደም አየና "ግራ ነው አላልኩሽም?" አላት ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረ።

"ጃንሆይ፣ አፍዎን ይክፈቱ።"

አጋፋሪው መጋረጃውን ይዞ ሮጠ። ንጉሡ ጉንጩን በእጁ ሸፈነ።

"ምን ሲበሉ ነው የተሰበረው?" አለ እንዳላማው፣ ሕፃን እንደሚያባብል አድርጎ።

"ቆሎ" አለ ንጉሡ በሹክሹክታ። "ጠጠር ነበረበት።"

"ለማን ነገሩ?"

"ለማንም። ንጉሥ ጥርሱ ተሰበረ እንዳይሉኝ።"

"ይኸውልዎ ጃንሆይ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ንጉሡ አጋፋሪውን አየው። "ተወው፣ አትጋርድ" አለው። አፉንም ከፈተ። ከፍቶም አልዘጋም። ሕዝቡ አንድ በአንድ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። የንጉሥ አፍ እንደ ሰው አፍ ነበር።

እንዳላማው ሲፈታ ከመለሱለት ከረጢት ትንሿን ሞረድ አወጣ። የጥርሱን ስለት ቀስ እያለ ሞረደው። ጥቂት ይሞርዳል፣ በጣቱ ይዳስሳል። ጥቂት ይሞርዳል፣ በጣቱ ይዳስሳል። ስለቱ ጠፋ። በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጦ አጉመጠመጠው። ጉንጩን አልነካውም።

"ለጉንጩስ መድኃኒት የለም?" አለ ንጉሡ።

"ጉንጭ የሚፈልገው እንዲተዉት ብቻ ነው። በዳዩ ከተያዘ ተበዳይ በራሱ ይድናል።" ከዚያም ሦስተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ በግራ በኩል አጎረሰው። ንጉሡ አኘከ። አላመመውም። እንደገና አኘከ። አላመመውም። ያን ዕለት አቁማዳው ባዶ ሆነ ይባላል።

ጉንጩም ውሎ አድሮ ዳነ። ንጉሡ እንዳላማውን አስጠራው።

"አፈ ንጉሥ አድርጌሃለሁ" አለው።

"አይሆንም ጃንሆይ። እኔ የሰው አፍ አያለሁ እንጂ የሰው አፍ መሆን አልችልም።"

"እሺ፣ ምን ላድርግልህ?"

እንዳላማው መሬት አልጠየቀም፤ ከብትም አልጠየቀም። "መጋረጃው ይቅር" አለ። "ጃንሆይ ሲበሉ ሰው ይይዎት። ሰውም ሲበደል ጃንሆይ በዓይንዎ ይዩት፣ በጆሮዎ ይስሙት።"

ንጉሡ መጋረጃውን አስወረደ። ጨርቁንም ለድሆች ነጠላ አድርጎ አከፋፈለው።

አፈ ንጉሡስ? ሹመቱን ተገፈፈ። ምላሱ ግን አልተቆረጠም፤ እንዳላማው ለምኖለታል። የተፈረደበት እንዲህ ነው፦ ማራቸውን የበላባቸው፣ ሙክታቸውን የበላባቸው፣ መሬታቸውን የቀማቸው ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው ይቀመጡ። የበላውን ይመልስ። ከዚያም በገዛ እጁ፣ በገዛ ቤቱ እህል፣ "በቃኝ" እስኪሉ ድረስ ያጉርሳቸው። ቶሎ በቃኝ ያለ የለም። መሬቷን ተቀምታ የነበረችው ባልቴት ጥርሷ ሁሉ ሙሉ ነበር። በእያንዳንዱ ጉርሻ ጣቱን ነከስ ታደርገዋለች። "ይቅርታ ጌታዬ፣ አምልጦኝ ነው" ትለዋለች። "አምልጦኝ ነው።"

እንዳላማውና ይመኙሻል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የንጉሥ አፍ የዳሰሰች ያች የእንዳላማው እጅ የለማኙንም አፍ ዳሰሰች፤ ለሁለቱም እኩል ታጠበች፣ ለሁለቱም እኩል ሞቀች። ደሃ ስለሆነ ያስቀደመው የለም፤ ሀብታም ስለሆነም ያስቀደመው የለም። ያስቀደመው የባሰበትን ነው። ቃሉ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ ነበር። እንዲህ ሆኖ ኖረ።

እንደ ሰው ሁሉ ቀኑ ደረሰ። እንዳላማው ታመመ። ይመኙሻል በሶ አላመችለት፤ አንድ ጎረሰ፣ ሁለት ጎረሰ፣ ሦስተኛውን በእጁ መለሰላት። "አንቺ ብይው" አላት። ሞተ።

አገር ሁሉ ለለቅሶ መጣ። ንጉሡም በእግሩ መጣ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ሴቶች ፊታቸውን ይነጫሉ፤ ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ቧጥጠው ያደማሉ። ሚስትም ከሁሉ ይልቅ ትነጫለች፤ ያልነጨች ሚስት ባሏን አልወደደችም ትባላለች። ሴቶቹ ጥፍራቸውን አነሡ። ይመኙሻልንም አዩዋት፤ እስክትጀምር ጠበቁ።

ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"ተዉ እህቶቼ" አለች። "ዕድሜውን ሁሉ ጉንጭ ሲያድን የኖረ ሰው ነው። በእሱ ለቅሶ ጉንጭ አይደማም።"

ሴቶቹ እጃቸውን አወረዱ። ጉንጫቸው ላይ የወረደው እንባ ብቻ ነበር። እንባ ደግሞ፣ እንዳላማው ይል እንደነበረው፣ ጨው ያለበት የሞቀ ውኃ ነው።

ልጆቼ፣ የሚያማችሁን አትደብቁ፤ ንጉሥ ብትሆኑም አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ክፉ የሠራም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል።

ተረቴን መልሱ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። ባነበባችሁበት፣ በሰማችሁበት አፍ፣ እጁ ለሞቀችው፣ ቃሉ ለታመነው ለዚያ ሰው "እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር" በሉልኝ፤ በዚያ አብሱልኝ።